ከላይ ያለው ሰውና ከታች ያለው ሰው

አንድ ሰው በመንገድ ዳር አድፍጦ መንገደኛን ቢገድል ነፍሰ ገዳይ እንለዋለን፤ ይህን ለማለት ዳኛ እስኪፈርድ አንጠብቅም። ሌላው ሰው ግን ከደመና በላይ ሆኖ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ከሥሩ አንድ መንደር ይቃጠላል፤ እርሱ ማታ ወደ ሰፈሩ ተመልሶ እራቱን በልቶ ይተኛል፥ ከጥቂት ጊዜ በኋላም በደረቱ ላይ ሜዳይ ይንጠለጠልለታል። የመጀመሪያው የገደለው አንድ ሰው ነው፤ ሁለተኛው የገደላቸውን ግን የቈጠረ የለም። በሁለቱ መካከል ይህን ያህል ልዩነት ያኖረው ምንድን ነው? ጦርነት ነው እንዳንል፥ በጦርነትም ቢሆን በጦርና በጎራዴ የሚዋጋ ሰው የወጋውን ያውቅ ነበር፤ ፉከራውም ይህንኑ ዕወቁልኝ ማለት ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ የርቀት ነገር ነው። ርቀት በደልን ያሳንስ ወይም አያሳንስ እንደ ሆነ ወጣቶች ሳትመረምሩት ልታልፉት አይገባም፤ በእናንተ ዘመን ርቀቱ እጅግ በዝቷልና።

በእኛ አገር፥ በሀዲያም ሆነ በከምባታ፥ በአባቶች ሥርዐት ሰው የገደለ ሰው ከሟች ወገን ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርብም። ሽማግሎች መካከል ገብተው፥ ገዳዩ በደሉን አምኖ፥ ካሣው ተከፍሎ እርቅ እስኪወርድ ድረስ ሁለቱ ወገኖች ተለያይተው ይኖራሉ። ይህ ሥርዐት እንዲፈጸም ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ገዳዩ ማን እንደ ሆነ መታወቅ አለበት፥ ሟቹም የማን ልጅ እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። ከሁለቱ አንዱ ከጐደለ ሽማግሎቹ የተቀመጡበት ዋርካ ከጥላነት በቀር ምንም አይጠቅምም። እንግዲህ ከሰማይ የሚገድለው ሰው ለማን ቀርቦ ይመን? ካሣውንስ ለማን ይክፈል? «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል፤ ይህ ሰው ግን ሊረሳው የሚችለው ነገር እንኳ የለውም፥ መጀመሪያውኑ አላየምና።

የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ አገራችንን በወረረ ጊዜ፥ በዚያው ዕለት አይሮፕላኖቹ ዐድዋን ደበደቡ። ከደብዳቢዎቹ መካከል ሰፈሩ አስመራ የሆነ፥ «ዲስፔራታ» የሚሉት 15ኛው የቦምብ ጣይ ክፍል ነበረበት። የክፍሉ አዛዥ የሙሶሊኒ የሴት ልጁ ባል ጋሌአሶ ቻኖ ነበር። የሙሶሊኒ ወንዶች ልጆችም፥ የ19 ዓመቱ ቪቶርዮና የ17 ዓመቱ ብሩኖ፥ በዚያው ጦርነት ከሌላ ክፍል ጋር ይበሩ ነበር። ከአስመራ ተነሥቶ ዐድዋ ለመድረስ ለአይሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም። ኢትዮጵያ ያን ጊዜ የነበሯት አይሮፕላኖች ከደርዘን እምብዛም የማይበልጡ ሲሆኑ፥ አገልግሎታቸው መልእክትና መድኃኒት ማመላለስ ነበር፤ አዛዣቸውም ከሺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን ነበር። ስለዚህ ከአስመራ የሚነሡት ልጆች በሰማይ ላይ የሚገጥማቸው ጠላት አልነበራቸውም ማለት ይቻላል።

ቪቶርዮ ከጦርነቱ በኋላ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1937፥ ስለ በረራው መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉም ቦምብ መጣል ደስ የሚያሰኝ ጨዋታ ሆኖ እንዳገኘው ይናገራል፤ በፈረሰኞች መካከል የፈነዳውን ቦምብ ከምትከፈት አበባ ጋር ያመሳስለዋል፤ ደግሞም የሐበሻ ጎጆ ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ ስለ ሆነ፥ በሲኒማ እንዳየው ያለ ታላቅ ፍንዳታ አልሰጠኝም ብሎ ቅር ይለዋል። ይህን የጻፈው ከእናንተ ብዙም የማይበልጥ፥ ትምህርት ቤት የገባ፥ መጽሐፍ የሚያነብ ወጣት ነው። ጎጆው ለምን በደንብ አልፈነዳም ብሎ ያዘነ ልጅ፥ ጎጆው ውስጥ ማን ነበረ ብሎ አልጠየቀም።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ተደበደበች። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በከተማዪቱ ነበሩ፤ ራሳቸውም ከመትረየሱ ኋላ ሆነው ወደ አይሮፕላኖቹ ተኰሱ። የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ሆስፒታልም ከተመቱት ቦታዎች አንዱ ነበር። በታኅሣሥ ነገሩ ባሰ፤ በተከዜ አጠገብ በራስ እምሩ ጦር ላይ ኢፔሪት የሚባለው የመርዝ ጋዝ ተጣለ። ይህን መርዝ በጦርነት ላለመጠቀም ኢጣልያ በጄኔቭ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ከተፈራረመች ገና ዐሥር ዓመቷ ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን ደግሞ በደቡብ፥ በዶሎ አጠገብ መልካ ዲዳ ላይ፥ የስዊድን ቀይ መስቀል ድንኳኖች ተደበደቡ፤ የተኙ ቁስለኞች በአልጋቸው ሞቱ፥ ሐኪሙ ዶክተር ሂላንደር ቈሰሉ፥ ረዳታቸው ጉናር ሉንድስትሮም በቁስሉ ሞተ። ከቦምቡ ጋር ወረቀት ተጥሎ ነበር፤ ወረቀቱ ይህ የሆነው በጥቂት ቀን በፊት ኦጋዴን ላይ አይሮፕላኑ ወድቆ በሰዎች እጅ ስለ ተገደለው ኢጣልያዊ አብራሪ በቀል ነው ይላል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ከላይ የነበረው ሰው ወደ ታች በወረደ ጊዜ ከታች ያሉትም አልማሩትም።

የቀይ መስቀል ምልክት በመሬት ላይ በትልቁ የሚዘረጋው ከላይ ያለው ሰው እንዲያየው ነው። ድንኳኑ አጥር የለው፥ ዘበኛ የለው፤ ያለው አንድ ጨርቅና የማያውቁት ሰው ዓይን ብቻ ነው። ያን ጊዜ የኢትዮጵያን ቀይ መስቀል ሥራ ይመሩ የነበሩት ዶክተር ቶማስ ላምቢ ነበሩ፤ እርሳቸው ከሰባት ዓመት በፊት ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ወላይታና ወደ ሆሳዕና፥ ወደ ሲዳሞም መጥተው የሚሲዮን ጣቢያ ያቋቋሙት ሐኪም ናቸው። ስለዚህ ያ በሰሜንና በዶሎ የተቀደደ ጨርቅ ለእኛ አገር ሩቅ አይደለም። ወራሪውም ቆየት ብሎ ሚሲዮናውያኑን በ1929 ዓ.ም. ከአካባቢያችን አስወጣቸው። አያቴ ስለዚያ ዘመን ሲናገሩ፥ የአይሮፕላን ድምፅ በሰማን ቁጥር ልጆቹን ይዘን ከእንሰቱ ሥር እንገባ ነበር ይሉ ነበር። የእንሰት ቅጠል ፀሓይን ይከለክላል፤ ቦምብን የሚከለክል ይመስላቸው እንደ ነበር አላውቅም፤ ግን ከላይ ላለው ዓይን አለመታየት ብቻውን መዳን መሆኑን ገና በመጀመሪያው ቀን ዐውቀውታል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርሁትን ሰምቶ፥ እንግዲያስ ክፋቱ የመጣው ካለማየት ነው፥ ሰው የሚገድለውን ቢያይ ኖሮ ባልገደለ ነበር የሚል ይኖራል። እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያለ አሳብ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን አይጸናም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈጸመው ግድያ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሰውን በጠመንጃ፥ በአካፋ፥ በእሳት፥ ፊት ለፊት እያየ ገደለ፤ ልመናውን በጆሮው እየሰማ ገደለ። ማየት ብቻ ቢያድን ኖሮ ያን ቀን ማንም ባልሞተ። ቪቶርዮም ቢሆን ጥቂት አይቷል፤ ያየውን ግን አበባ አደረገው።

ታዲያ ርቀት የሚያደርገው ምንድን ነው? ርቀት ክፉን ሰው ክፉ አያደርገውም፤ ደኅናውን ሰው ግን ሳያውቅ የክፉ ሥራ ያሠራዋል። ልጆችን ይዤ ወደ ሐምበሪቾ ተራራ በወጣሁ ጊዜ ይህን አስተውያለሁ። ከታች ዱራሜ በገበያ ቀን ሰው ሞልቶባት፥ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ገበያተኛው በሰፌድ ላይ እንደ ተሰጣ ተልባ ነው። ከልጆቹ አንዱ እናቱ በዚያ ገበያ ቅቤ እየሸጠች መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ እርሱ ብቻ ዓይኑን አጥብቦ ይፈልግ ነበር። ሌሎቹ ጠጠር ወደ ገደሉ ይወረውሩ ነበር። ተራራው 3,000 ሜትር ያህል ነው፤ እኛ የቆምንበትም ከከተማዪቱ በላይ የዚያ ሢሶ እንኳ አይሆንም።

ስለ ቦምብ ጣዮች ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ አንድ ሰው አለ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት 6ኛ ክፍል ሳለሁ ሒሳብ ያስተማረን አሜሪካዊ ነው፤ ስሙን አልጽፍም፥ ቤተ ሰብ አለውና። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ከእንግሊዝ አገር ይነሣ በነበረው በ8ኛው የአሜሪካ አየር ኃይል ውስጥ፥ ቢ 17 በሚባለው ባለ አራት ሞተር አይሮፕላን ላይ፥ ቦምቡን የሚለቀው እርሱ ነበር። ይህን ያወቅነው ከሌላ መምህር ሰምተን ነው። አንድ ቀን አንድ ደፋር ልጅ ተነሥቶ፥ «ጋሼ፥ ስንት ሰው ገደሉ?» አለው። እኛ መሬት ተከፍታ ብትውጠን ደስ ባለን ነበር። መምህራችን ግን አልተቈጣም። ጠመኔውን አንሥቶ፥ 30 ጊዜ በረርሁ፥ በአንድ በረራ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቦምብ እንጥላለን፥ ከፍታው ከ7,000 ሜትር ይበልጣል፥ ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ይደርሳል እያለ ሁሉን በሰሌዳው ላይ ጻፈ። ከዚያም፥ «የጠየቅኸኝን ቁጥር ግን አላውቀውም፤ ከዚያ ከፍታ ጢስ እንጂ ሰው አይታይም» አለና ወደ ማካፈል ትምህርታችን ተመለሰ። ደግ ሰው ነበር፤ ጥብቅም ነበር። መልስ ሳንጽፍ የምንተወውን ጥያቄ ከተሳሳተ መልስ ይልቅ ይቈጣበት ነበር።

እኔ ካደግሁ በኋላ ስለ እነዚያ ሰዎች ታሪክ ብዙ አነበብሁ። ከኢጣልያውያኑ ልጆች ጋር አንድ አድርጎ መቍጠር ፍርደ ገምድልነት ነው። እነዚህ በሰማይ ላይ የሚጠብቃቸው ጠላት ነበራቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 1943 ሽቫይንፉርት የምትባለውን የጀርመን ከተማ የኩሽኔታ ፋብሪካዎች ሊመቱ ሄደው፥ በአንድ ቀን 60 አይሮፕላኖች ሳይመለሱ ቀሩ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ 10 ሰው ነበረ። በዚያ ዓመት 25 በረራ የጨረሰ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር፤ 25 የሚሞላው ግን ከግማሽ ያነሰ ነበር። በጦርነቱ በጠቅላላው ከ8ኛው አየር ኃይል ከ26,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የሚዋጉትም ከማን ጋር እንደ ሆነ እናውቃለን። በዐድዋ ሰማይ የተጀመረው ግፍ አውሮፓን ሁሉ ባዳረሰ ጊዜ፥ ያን ግፍ ካስቆሙት መካከል ናቸው። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪቃ አይሮፕላኖች በአገራችን የኢጣልያን ምሽግ ሲመቱ አባቶቻችን ደስ ብሏቸዋል፤ ይህንን ደስታ ነውር ነው የምል ሰው አይደለሁም።

ይሁን እንጂ ጦርነቱ ጽድቅ መሆኑ ሒሳቡን አይዘጋውም። የአሜሪካ አዛዦች እኛ በቀን የምንበርረው ፋብሪካውን ለይተን ለመምታት ነው፥ ሰፈር አንመታም ይሉ ነበር። ጥሩ መነጽር ነበራቸው፤ ምስጢሩም እጅግ የተጠበቀ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ባስመረመረ ጊዜ ግን፥ ተነጣጥሮ ከተጣለው ቦምብ ከዒላማው በ300 ሜትር ክልል ውስጥ የወደቀው ከመቶ 20 ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው 80 የት ወደቀ? በአንድ ሰው ቤት ላይ፥ በአንድ ሰው ማሳ ላይ ነዋ! በፌብሩዋሪ 1945 ድሬስደን ላይ መጀመሪያ እንግሊዞች በሌሊት፥ ቀጥሎ አሜሪካኖች በቀን በጣሉት እሳት 25,000 ያህል ሰው ሞተ። እኔ እንደምፈርደው፥ «ፋብሪካ ብቻ መታሁ» ብሎ የሚጽፈው ባለ ማዕርግ፥ «ቁጥሩን አላውቀውም» ካለው የሒሳብ መምህር ይልቅ ዕዳው የከበደ ነው። መምህሩ ባዶውን ቦታ ባዶ አድርጎ ተወው፤ ሌላው በሐሰት ሞላው። ሰውን ሰው የሚያሰኘው አንዱ ነገር ይህን ባዶ ቦታ ክፍት አድርጎ መኖር መቻል ይመስለኛል፤ ለአባቶቻችን እርቅ የቀረበ፥ ሟቹ ባይታወቅም እንኳ ገዳዩ በአንድ ማዕድ ለመቅረብ የማይደፍርበት ኑሮ ነው።

የባዕዱን በደል መናገር ይቀላል፤ የራስን መናገር ግን አፍን ይይዛል። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ረቡዕ፥ በትግራይ ሐውዜን ገበያ ቆሞ ሳለ አይሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች መጥተው ገበያተኛውን ደበደቡ። የሞቱት እስከ 2,500 እንደሚደርሱ ይነገራል። አብራሪዎቹ ከባሕር ማዶ የመጡ አልነበሩም፤ አማርኛችንን የሚናገሩ፥ በእኛው ትምህርት ቤቶች ያለፉ ሰዎች ነበሩ። እኔ ያን ጊዜ ወጣት መምህር ነበርሁ፤ ነገሩን የሰማነው ዘግይቶ፥ ያውም በሹክሹክታ ነው። ስንሰማም፥ «እነዚያ ሽፍቶች በገበያው መካከል ተደብቀው ይሆናል» የሚል አልጠፋም። ተመልከቱ እንግዲህ፤ ይህን የሚናገረው ሰው አይሮፕላን ነድቶ አያውቅም፥ በሆሳዕና ቡናውን እየጠጣ ነው፤ ግን እርሱም ከላይ ሆኖ ነበር የሚያየው። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃልና፥ ከሐውዜን ገበያ ለመራቅ ክንፍ አላስፈለገውም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በአገራችን በነበረው ጦርነት ደግሞ ሰው አልባ አይሮፕላኖች ሠርተዋል። የሚነዳቸው ሰው በወንበር ተቀምጦ ነው፤ ከሐምበሪቾ ይልቅ አጥርቶ የሚያይበት መስተዋት በፊቱ አለ። ስለዚህ አላየሁም የሚለው ምክንያት እንኳ አሁን ቀርቷል።

ስለ መምህራችን ያላለቀ ነገር አለኝ። ስለ 30ው በረራ ከዚያ ቀን በኋላ ተናግሮ አያውቅም፤ ስለ ሌሎች ሁለት በረራዎች ግን ሳንጠይቀው ብዙ ጊዜ ያወራን ነበር። በሜይ 1945፥ ጦርነቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ በሆላንድ ሕዝቡ በራብ ያልቅ ነበር፤ በዚያ ክረምት 20,000 ያህል ሰው በራብ ሞቷል። ያን ጊዜ እንግሊዞችና አሜሪካኖች በቦምብ ጣዮቹ አይሮፕላኖች ምግብ ጫኑ፤ በጠቅላላው ከ10,000 ቶን በላይ ጣሉ። ቦምቡ በሚለቀቅበት በር ዱቄት፥ ሥጋ በቆርቆሮና ቸኮላት ወረደ። መምህራችን የሚነግረን ስለ ምግቡ አልነበረም። በጣም ዝቅ ብለን እንበር ስለ ነበር፥ ሴቶቹ ነጠላቸውን ሲያውለበልቡ አየሁ ይል ነበር፤ ነጠላ ማለቱ እኛ እንዲገባን ብሎ ነው። ሆላንዶቹ በአበባ መስክ ላይ አበባውን በፊደል ቅርጽ አድርገው ምስጋናቸውን ጽፈውላቸው ነበር። እንደ ቪቶርዮ አበባ ያለ አይደለም።

በእኛም አገር ይህ ደርሷል። ስዊድናዊው ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን በ1928 ዓ.ም. በቀይ መስቀል አይሮፕላን ቁስለኞቻችንን ያመላለሰ፥ ከነጻነት በኋላም አየር ኃይላችንን ያደራጀ ሰው ነው። ቦምብም የጣለ ሰው ነበር፤ በፊንላንድና በቢያፍራ ተዋግቷል። በ1966ቱ ረኀብ ጊዜ ተመልሶ፥ መኪና በማይደርስበት አገር እህል ከአይሮፕላን መጣልን አስጀመረ። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በጦርነት ተገደለ። እርሱ ካለፈ በኋላ በ1977ቱ ረኀብ የእንግሊዝ አየር ኃይል ትላልቅ አይሮፕላኖች በደጋው አገር እህል ሲጥሉ፥ ጆንያው በጆንያ ውስጥ ተደርጎ ከመሬት 15 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብለው ነበር የሚለቁት። ከዚያ ከበለጠ ጆንያው ይፈነዳል፤ እህሉም ይባክናል። ጆንያውም ሰው ላይ ከወደቀ ይገድላል። ስለዚህ አስቀድሞ የፖላንድ ሄሊኮፕተር ጥቂት ሰዎችን በቦታው ያወርዳል፤ እነርሱ ሕፃናቱንና ከብቱን ከሜዳው ያርቃሉ፤ ማን የት እንደ ቆመ ያያሉ፤ ከዚያም ወደ አብራሪው ምልክት ይሰጣሉ። ምልክቱ እስኪሰጥ ድረስ አይሮፕላኑ ይዞራል።